በእድር ጉባኤ ላይ የሎጂክ ሕፀፅን መለየት፦ ስሙን መጥራት ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ «በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት ሳገለግል ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ወርሃዊ መዋጮው ከ100 ብር ወደ 150 ብር ከፍ እንዲል፣ ያረጀው ድንኳንም በአዲስ እንዲተካ የኮሚቴው አባላት ሐሳብ አቀረብን። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሎጂክ ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ተቃዋሚዎች ሕፀፅ ያለበት ነገር በተናገሩ ቁጥር እጄን እያወጣሁ የሕፀፁን ስም ጠራሁላቸው። አንዳንድ ሽማግሌዎች ተቀየሙኝ፤ ሐሳቡም በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ስህተታቸውን በግልጽ እያሳየሁ ለምን አልረታሁም? በየዕለቱ ክርክር ውስጥ የሚያጋጥሙ ሕፀፆችንስ ሳልሳሳት እንዴት ልለያቸው?» ጠያቂዋ የጉባኤውን ማስታወሻና የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ረቂቅ አያይዘው ልከዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አነጋገሮች ከዚያ የተወሰዱ ናቸው።

ምላሽ፦ አንድ ሙግት ሕፀፅ አለበት ማለት ድምዳሜው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ያልረቱበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። አንድ አባል «ሐሳቡን ያመጡት ትናንት የገቡ ልጆች ስለሆኑ መዋጮው መጨመር የለበትም» ቢል ያቀረበው ምክንያት ድምዳሜውን አይደግፍም፤ መዋጮው መጨመር ይኖርበት እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። ያንን የሚነግረን የእድሩ ገቢና ወጪ ነው። እርስዎ የተቃዋሚዎችን ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲጥሉ፣ ጉባኤው ጭማሪውን የሚቃወምበት ደካማ ምክንያት ቢቀንስበትም የሚቀበልበት ጠንካራ ምክንያት አልቀረበለትም። በማስታወሻው ላይ እንደሚታየው ስለ ሕፀፅ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ስለ እድሩ ሒሳብ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። የተጠራጠረ አባል በነበረበት ቢጸና አይፈረድበትም። በዚህ ላይ ሕፀፅ ብለው ከፈረጇቸው አነጋገሮች ሦስቱ ሕፀፅ አልነበሩም፤ ከራስዎ ንግግሮች መካከል አንዱ ደግሞ ሕፀፅ ነበር።

በቅድሚያ ምን እየፈለግን እንደሆነ እንወስን። ማንኛውም ሙግት አንድ ድምዳሜ፣ እንዲሁም ያንን ድምዳሜ እንዲደግፉ የቀረቡ መነሻዎች አሉት። በሙግቱ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ መነሻው እውነት ነው ወይ? እውነት ነው ብለን ብንቀበለውስ ድምዳሜውን ይደግፋል ወይ? ሕፀፅ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ጥያቄ የሚወድቅ፣ ነገር ግን ለሰሚው የሚያስኬድ የሚመስል ሙግት ነው። ስለዚህ ውሸት በራሱ ሕፀፅ አይደለም፤ የተሳሳተ ቁጥርና ስድብም እንደዚሁ። «አንተ ሌባ፣ ዝም በል» ያለ ሰው ተሳድቧል፤ «እሱ ሌባ ስለሆነ ድንኳኑ አላረጀም» ያለ ሰው ግን ሕፀፅ ሠርቷል። አርስቶትል ለዚህ ጉዳይ በለየው ሥራው 13 ዓይነት ሕፀፆችን ዘርዝሯል፤ እርስዎ በተማሩት ዓይነት የመጀመሪያ ዓመት የሎጂክ ትምህርት ደግሞ 22 ኢመደበኛ ሕፀፆችን (ከሙግቱ ቅርጽ ሳይሆን ከይዘቱ የሚመነጩትን) በአምስት ምድብ ከፍሎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ሌሎች መምህራን ሌላ ቁጥር ይሰጧቸዋል። ዝርዝሩ ለማስተማሪያነት ይጠቅማል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት አነጋገር በአንድ ጉዳይ ላይ ሕፀፅ፣ በሌላ ጉዳይ ላይ ደግሞ ተገቢ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የአነጋገሩን ቅርጽ ብቻ አይቶ ስም ሲሰጥ ነው።

ይህ በጉልህ የሚታየው የተናጋሪውን ማንነት በሚነኩ ሙግቶች ላይ ነው። አንድ አባል «ድንኳኑ ይገዛ የሚለው ሰው ወንድሙ ድንኳን እየሰፋ ይሸጣል» ሲሉ እርስዎ «ይህ ሐሳቡን ትቶ ሰውን ማጥቃት ነው» ብለው መልሰዋል። አልስማማም። ድንኳኑ ይገዛ ያለው ሰው በዕለቱ የተናገረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድንኳኑ ስፌቱ ለቅቆ ባለፈው ክረምት ዝናብ አስገብቷል የሚል ነው፤ ይህንን ማንም አባል እድር ቤት ሄዶ ሸራውን ዘርግቶ ሊያየው ይችላል። ሁለተኛው «ከዚህ ባነሰ ዋጋ የትም አይገኝም» የሚል ነው፤ ለዚህ የቀረበው ማስረጃ የእሱ ቃል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ወዳጅም ተናገረው ጠላት ያው ነው፤ በዚያ ላይ የወንድሙን ሥራ ማንሳት በእርግጥም ከጉዳዩ መውጣት ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ጉባኤው የተጠየቀው ሰውየውን እንዲያምን ስለሆነ፣ ሰውየው ከሽያጩ የሚጠቀምበት መንገድ ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ከጉዳዩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ፍርድ ቤት ምስክርን «ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጥቅም ግንኙነት መኖሩ ተናጋሪው መዋሸቱን አያረጋግጥም፤ ቃሉን ብቻውን ማስረጃ አድርገን እንዳንወስደው ብቻ ያስገድደናል። ለተቃውሞው ተገቢው ምላሽ «ልክ ነዎት፣ ከሌሎች ሻጮችም ፕሮፎርማ ይሰብሰብ» የሚል ነበር፤ እርስዎ ግን ትክክለኛ ጥርጣሬ ያነሡትን ሰው በጉባኤ ፊት አሳፈሯቸው። በአንጻሩ «መዋጮ ይጨመር የሚለው ራሱ የሦስት ወር ውዝፍ አለበት» የሚለው እውነተኛ ሕፀፅ ነው፤ የአንድ አባል ውዝፍ 100 ብር ለእድሩ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን አይነካውም። ይኸው ሰው ለገንዘብ ያዥነት ተጠቁሞ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ዐረፍተ ነገር፣ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ተገቢና ከባድ ምክንያት በሆነ ነበር።

በስህተት የፈረጁት ሁለተኛው አነጋገር አንድ ሽማግሌ የተናገሩት «ዛሬ 50 ብር ከጨመርን ነገ መቶ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት መቶ ይባላል፤ በመጨረሻ ድሀው ከእድሩ ይወጣል» የሚለው ነው። ይህ የቁልቁለት መንሸራተት ከሚባለው ሕፀፅ ጋር ይመሳሰላል፤ ተናጋሪው ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ጥፋት ያለው ሰንሰለት የማይቀር መሆኑን ሳያሳይ የሚያስፈራራበት ነውና። ነገር ግን ሰንሰለቱ ሲመረመር መጠየቅ ያለበት በየእርምጃው መካከል የሚያስቆም ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ማንኛውም ጭማሪ የጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚፈልግ ቢሆንና እንደዚያው ቢቀጥል፣ እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ውሳኔ ስለሚጠይቅ ስጋቱ ደካማ ይሆን ነበር። የላኩልኝን ረቂቅ ሳነብ ግን በመጨረሻው አንቀጽ «ወደፊት የሚኖረውን ጭማሪ ኮሚቴው እየወሰነ ያስፈጽማል» ይላል። እንግዲህ ማቆሚያውን ያነሣው ራሱ ረቂቁ ነው፤ ሽማግሌው የፈሩትም በደንብ የታየ አደጋ ነበር። እኔ በጉባኤው ውስጥ ብሆን ኖሮ ከእሳቸው ጋር ድምፅ እሰጥ ነበር።

የተረትና ምሳሌ ጉዳይ ለብቻው መታየት ይገባዋል፤ በእኛ ስብሰባዎች ውስጥ ከየትኛውም ሕፀፅ በላይ አድማጭን የሚያሸንፈው እሱ ነውና። አንድ አባት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሲቀመጡ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ መሞላቱን ጽፈዋል፤ ከእናንተ ወገንም አንዱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ መለሰ። ሁለቱም የብዙ ዘመን ልምድ የተጠራቀመባቸው አባባሎች ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አንዱ ቆዩ፣ ሌላው ፍጠኑ ይላል። አባባል ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በተረጋገጡ ነበር። «ዝምታ ወርቅ ነው» ባዩም ከጎኑ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል አያጣም። ምሳሌያዊ አነጋገር ችኮላ የሚጎዳበት ሁኔታ እንዳለ ያስታውሰናል፤ የዛሬው ውሳኔ ችኮላ መሆን አለመሆኑን ግን ሊነግረን አይችልም። ይህን ስል በተረት መናገር ይቅር ማለቴ አይደለም። በቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ባለጉዳዮች በምሳሌና በቅኔ አዘል አነጋገር ይበላለጡ ነበር፤ ያም ሆኖ ዋስና ምስክር መጥራት አልቀረም።

ለተረት የሚሰጠው ትክክለኛ ምላሽ ተረቱን እንዳጠረ ሙግት ቆጥሮ የጎደለውን መነሻ በአክብሮት መጠየቅ ነው። «አባባ፣ የቸኮልነው የቱ ላይ እንደሆነ ቢነግሩን እናርመዋለን» ቢሏቸው ኖሮ ምናልባት «ዋጋ ሳትጠይቁ፣ አሮጌው ይጠገን እንደሆነ ባለሙያ ሳታሳዩ» ባሉ ነበር፤ ይህም እውነተኛ ምክንያት ነው። ሰዎች በዕለት ተዕለት ንግግር መነሻዎቻቸውን ሁሉ አይዘረዝሩም፤ ለሁሉም ግልጽ ነው ብለው የሚተዉት ብዙ ነው። የሕፀፅ ስም የሚለጥፍ ሰው የተተወው መነሻ ከመነገሩ በፊት በሩን ይዘጋዋል።

ከማስረዳት ሸክም ጋር የተያያዘው ሙግት በማንኛውም ገንዘብ ባለበት ማኅበር ውስጥ ስለሚመጣ በዝርዝር ላስረዳ። «ገንዘብ ያዡ ገንዘባችንን እንዳልነካ ማን ያውቃል? አልነካሁም ካለ ያረጋግጥ» የሚለው ካለማወቅ ተነሥቶ መደምደም የሚባለው ሕፀፅ ነው፤ ንጽሕናው አለመረጋገጡ ጥፋተኛነቱን አያሳይም። ሕጋችንም ሸክሙን የጣለው በዚሁ መንገድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ «ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ያቅርብ» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ክስ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ቅንጣት ጥርጣሬ ባይኖርበትም፣ የሚወጣው ግዴታ ነው። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል፤ ይህም ገንዘብ ያዡን ከሒሳብ ለማዳን የተነሡ አስመስሎብዎታል። ለክፋት እንዳላደረጉት እረዳለሁ፤ የአባላቱ ትርጉም ግን የሚጠበቅ ነበር።

ይህ ሕፀፅ ተገልብጦም ይመጣል። ከኮሚቴው አንዱ «እስከ ዛሬ አንድም ጉድለት አልተገኘም፤ ስለዚህ ጉድለት የለም» ብሏል። የዚህ ሙግት ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው ማን ምን ያህል ፈልጎ ነው ያጣው በሚለው ነው። የሒሳብ መርማሪ ደረሰኞቹን ከመዝገቡና ከባንክ ደብተሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሮ ጉድለት ካላገኘ፣ አለማግኘቱ ጥሩ ማስረጃ ነው። መዝገቡን የከፈተ ሰው ከሌለ ግን «አልተገኘም» ማለት «አልተፈለገም» ከማለት አይለይም።

ስለ መንስኤ የሚቀርቡ ሙግቶችም እንዲሁ ፍለጋ ይጠይቃሉ። «የታችኛው ሰፈር እድር መዋጮ ጨመረ፤ በዓመቱ አባላቱ መልቀቅ ጀመሩ» የሚለው አነጋገር ተከታትሎ መምጣትን እንደ መንስኤ መውሰድ ነው። አባላቱ የለቀቁት ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ፣ ወይም አዲስ እድር በአቅራቢያቸው ተቋቁሞ ሊሆን ይችላል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ የብዙ ቤት መድኃኒት ሆነው እንደነበር እናስታውሳለን። የተጠቀመና የዳነ ሰው «እሱ ነው ያዳነኝ» ሲል ከልቡ ነበር፤ ነገር ግን በበሽታው ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም ሳይወስዱም ስለሚድኑ፣ መዳኑ ብቻውን ስለ ነጭ ሽንኩርቱ የሚነግረን ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በወቅቱ ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከቫይረሱ እንደሚከላከል ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። መንስኤን ለማወቅ የሚያስፈልገው ከሌላኛው ወገን ጋር ማወዳደር ነው፦ ያልወሰዱትስ ምን ሆኑ? መዋጮ ያልጨመሩት የአካባቢው እድሮችስ ስንት አባል ለቀቃቸው? መከታተል ጥርጣሬን ለማስነሣት ይበቃል፤ ለመደምደም ግን አይበቃም። እርስዎ ያደረጉት ጥርጣሬውንም ጭምር መጣል ነው።

አሁን ወደ ራስዎ ንግግር ልምጣ። በማስታወሻው ላይ «ወይ መዋጮው ይጨመር ወይ እድሩ ይፈርሳል፤ ምርጫው የእናንተ ነው» ብለዋል። ይህ ሌሎች መንገዶችን ደብቆ ሁለት ብቻ እንዳሉ ማስመሰል ነው። በ25 ብር መጨመር ይቻል ነበር፤ ለድንኳኑ ብቻ የአንድ ጊዜ መዋጮ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ወንበርና ድስት እያከራዩ ገቢ ማግኘት፣ ወይም ለለቀስተኛ የሚወጣውን የምግብ ወጪ መቀነስም ይቻል ነበር። ተቃዋሚ የተናገረውን አጣምሞ መልስ የመስጠት ሕፀፅ በሁለቱም ወገን ታይቷል፦ እነሱ «እድሩን የሠርግ አዳራሽ ልታደርጉት ነው» አሉ፤ ከኮሚቴው ደግሞ «እናንተ ሬሳ ሜዳ ላይ ይውደቅ ነው የምትሉት» የሚል መልስ ተሰጠ። ማንም እንደዚያ አላለም። የራስን ወገን ሕፀፅ ማየት ከሁሉ የሚከብደው የምንወደው ድምዳሜ ላይ ያደረሰን መንገድ ሁሉ ቀና ስለሚመስለን ነው። ለዚህ የማውቀው መፈተሻ አንድ ነው፤ ያንኑ ምክንያት ተቃራኒው ወገን ለራሱ ድምዳሜ ቢያቀርበው ይቀበሉት እንደነበር ራስዎን ይጠይቁ።

ርኅራኄን የሚጠራ ሙግት በመማሪያ መጻሕፍት ከሕፀፆች ይመደባል፤ በእድር ውስጥ ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። እድር የተቋቋመው ሐዘንተኛን ለማስተዛዘን ነው፤ ስለዚህ «እኝህ እናት አቅመ ደካማ ናቸው፣ ልጃቸውንም ቀብረዋል፤ ውዝፋቸው ይሰረዝላቸው» የሚለው ከዓላማው ጋር የሚሄድ ትክክለኛ ምክንያት ነው። «አቅመ ደካማ ስለሆኑ ውዝፍ የለባቸውም» የሚለው ግን ሕፀፅ ነው፤ ርኅራኄ የምናደርገውን ይወስናል እንጂ መዝገቡ ላይ ያለውን አይለውጥም። ዛቻ ሌላ ነው። «ተቃወሙ፤ ማን እንደሚቀብራችሁ እናያለን» የሚል ድምፅ ከተሰማ በኋላ የተገኘ ዝምታ ስምምነት ተደርጎ በቃለ ጉባኤ መመዝገብ የለበትም። ይህንን ስልዎት ጸሐፊ በመሆንዎ ነው።

«አባቶቻችን ያቆዩት ነው» የሚለውን ጨርሶ አይናቁት። አንድ አሠራር ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን አንድ ችግር ይፈታ ስለነበር ሊሆን ይችላልና ከመሻሩ በፊት ችግሩ ምን እንደነበር ማጣራት ተገቢ ነው። ሁሉም አባል ሀብታም ድሀ ሳይባል እኩል የሚከፍልበት ልማድ፣ ለምሳሌ፣ በለቅሶ ቀን ማንም ከማንም እንዳያንስ የሚያደርግ ትርጉም አለው። የብዙኃን ድምፅም ተመሳሳይ ልዩነት ይፈልጋል፦ ድምፅ እድሩ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል፤ ድንኳኑ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ግን አይወስንም። ባለሙያን መጥቀስም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሐኪም ስለ በሽታ ሲናገር መቀበል ብልህነት ነው። ያው ሐኪም የእድሩ ገንዘብ በየትኛው ባንክ አክሲዮን ላይ ይዋል ብሎ ሲመክር ግን «ዶክተር ናቸው» የሚለው ምንም አይጨምርም።

ሳይስተዋል የቀረ አንድ ሕፀፅ አለ፤ እሱም ከእናንተ ወገን የመጣ ነው። «50 ብር ለማን ይከብዳል?» የሚለው ጥያቄ የክፍሉን ባሕርይ ለጠቅላላው መስጠት ነው። አንድ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሰፈር እድር፣ የመሥሪያ ቤት እድርና የሴቶች እድር አንድ ላይ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ እቁብና ማኅበር አለ። እያንዳንዱ ጭማሪ ትንሽ መሆኑ ድምሩን ትንሽ አያደርገውም። ይህንን ለመቃወም የተነሡት ሴት «ለእናንተ ቀላል ነው» ብለው ብቻ በመቀመጣቸው ሙግታቸው ስሜት ተደርጎ ታልፏል፤ በእኔ ግምት ግን በዕለቱ ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ነበር።

የሎጂክ ወሰን የት ላይ እንደሆነም ይወቁ። ለአብነት 240 አባላት ያሉት እድር በወር 100 ብር ሲሰበስብ 24,000 ብር ያገኛል፤ ለአንድ ሐዘን 15,000 ብር የሚያወጣና በወር ሁለት ሐዘን የሚገጥመው ከሆነ 6,000 ብር ይጎድለዋል፤ መዋጮው 150 ብር ቢሆን ገቢው 36,000 ብር ሆኖ 6,000 ብር ይተርፈዋል። እስከዚህ ድረስ ማንም በስሌት ሊስማማ ይችላል። ጉድለቱ ለሁሉም እኩል በመጨመር ይሞላ ወይስ ያለው ከፍ አድርጎ ይክፈል፣ ወይስ የሐዘን ክፍያው ዝቅ ይበል የሚለው ግን የፍትሕና የአብሮ መኖር ጥያቄ ነው፤ በዚያ ላይ ከእርስዎ የሚለዩ ሰዎች ሕፀፅ ስለሠሩ ላይሆን ይችላል፤ የሚያስቀድሙት ነገር ስለተለየ ሊሆን ይችላል። ሎጂክ እያንዳንዱ ወገን ያለውን ነገር ሳያምታታ እንዲናገር ይረዳል፤ ማን ምን ማስቀደም እንዳለበት ግን አይወስንም።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህን ነው። ከእንግዲህ በጉባኤ ላይ የሕፀፅ ስም አይጥሩ፤ አንድም ጊዜ። ስሙ በአእምሮዎ የት ላይ እንደሚጠይቁ እንዲጠቁምዎ ይበቃል። አንድ ሰው ሲናገር ድምዳሜውንና ምክንያቱን በአንዳንድ ዐረፍተ ነገር በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ መልሰውም «ጋሼ፣ እንዲህ ነው ያሉት?» ብለው ያረጋግጡ። ተናጋሪው «አዎ፣ እሱን ነው» ካላለ ምላሽ አይስጡ። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ እውነት ቢሆን ድምዳሜውን ይደግፍ እንደሆነ ያስቡ፤ ካልደገፈ ምን ቢጨመርበት እንደሚደግፍ ይጠይቁ። በጣም የተቆጣ ሰውን በዚያው ሰዓት ለማረም አይሞክሩ፤ ነገሩን በሻይ ሰዓት ወይም በማግስቱ ቤታቸው ሄዶ ማንሳት ይሻላል። ቅር የተሰኙትን ሽማግሌዎች በተለይም ተከታታይ ጭማሪ የፈሩትን ሽማግሌና የድንኳኑን ዋጋ የተጠራጠሩትን አባል ሄደው ያነጋግሯቸው፤ ሁለቱም ልክ ነበሩና።

ረቂቁን በተመለከተ ለኮሚቴው ሥልጣን የሚሰጠው የመጨረሻ አንቀጽ ይውጣ፤ የድንኳኑ ግዢና የመዋጮው ጭማሪ ተለያይተው ለየብቻ ድምፅ ይሰጥባቸው፤ ለድንኳኑ ቢያንስ ሦስት ፕሮፎርማና የጥገና ግምት ይቅረብ። ያለፉት ሁለት ዓመታት የገቢና ወጪ ዝርዝር በሒሳብ መርማሪ ታይቶ ከጉባኤው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ በአባላት እጅ ይግባ። ዝርዝሩ እስከዚያ ካልደረሰ የመዋጮውን አጀንዳ ለሌላ ጉባኤ ያስተላልፉት።